አታጥብቁት!

መሳቢያችሁ ውስጥ «ሞቷል» ተብሎ የተወረወረ ቬፕ ካለ፣ ቀብሩን ለጊዜው አቁሙልን። ታሪኩ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዓይነት ነው። ባትሪው ሞልቷል፣ መብራቱ ይበራል፣ ስትስቡት ግን የሚወጣ ነገር የለም። ወይም ስክሪኑ ላይ «አቶማይዘሩን አረጋግጥ» የሚል ቁጣ በእንግሊዝኛ ይመጣል። ጠበቅ ታደርጉታላችሁ፤ ይሠራል። ከሰዓታት በኋላ ይጠፋል። እንደገና ጠበቅ! አሁንም ይሠራል… እንዲህ እንዲህ እያለ አንድ ቀን የፈለጋችሁትን ያህል ብታጠብቁት አልሠራም ይላል። ከዚያማ «የቻይና ዕቃ!» ተብሎ ይሰደብና አዲስ ይገዛል።

እኛ የቻይና ጠበቃ አይደለንም። ግን እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ ከእነዚህ «ሟቾች» ብዙዎቹን የገደላቸው «ጠበቅ» ነው። የቀሩትን ደግሞ ቆሻሻ። ሁለቱም ወንጀል የሚፈጸመው አንድ ቦታ ላይ ነው፤ ባትሪውና ፈሳሹን የያዘው ታንክ በሚገጣጠሙበት የብረት ክር ላይ። ጋራዥ ውስጥ «ፓሶ» የሚባለው ማለት ነው።

ከመቀጠላችን በፊት አንድ ነገር ይታወቅልን። አጫሽ ላልሆነ ሰው ይህን ዕቃ ልናሻሽጥ አልመጣንም። ኒኮቲን ሱስ ያስይዛል፤ ከዕቃው የሚወጣውም እንፋሎት ንጹሕ አየር አይደለም። አገር ቤት ደግሞ የኤሌክትሮኒክ ሲጋራን ማምረት፣ ማስመጣት፣ ማከፋፈልና መሸጥ በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 የተከለከለ ነው። የምንጽፈው ዕቃው ቀድሞ እጁ ለገባ ሰው፣ በተለይም ውጭ አገር ሆኖ ሲጋራን በዚህ ዕቃ ለመተው ለሚታገለው ወንድማችንና እህታችን ነው። ለእነሱ የአንዲት ፓሶ መበላሸት ቀልድ አይደለም። ለምን እንደሆነ ወደኋላ እንመጣበታለን።

ፓሶው ሽቦ ነው

«ፓሶ» የሚለውን ቃል እንደ ካቻቢቴውና እንደ ብሎኑ ከጣሊያን ነው የወረስነው። ጋራዥ ውስጥ የፓሶ ሥራ አንድ ነው፤ ሁለት ብረት አጣብቆ መያዝ። ቬፕ ላይ ግን ተጨማሪ ሥራ አለው፤ ኤሌክትሪክ ያሳልፋል። ባለ ፓሶ አምፖልን አስቡት። በጠመዝማዛው ክር በኩል አንዱ መስመር ያልፋል፣ ከታች ጫፉ ላይ ባለችው ነጥብ በኩል ሌላው። ቬፕም ቁርጥ እንዲሁ ነው። ክሩ ራሱ ነጌቲቭ ነው። መሀሉ ላይ የምትታየው ትንሽ የብረት ፒን ፖዘቲቭ ናት። ሁለቱ እንዳይነካኩ በመካከላቸው ቀጭን የላስቲክ ወይም የጠንካራ ፕላስቲክ ቀለበት አለ።

እንግዲህ ይህን ካወቅን ግማሹን መንገድ ሄደናል። ፓሶው ቆሸሸ ማለት ሽቦው ቆሸሸ ማለት ነው። ፒኗ ጠለቀች ማለት ሽቦው ተቆረጠ ማለት ነው። ቀለበቱ ተጨፈለቀ ወይም ቀለጠ ማለት ደግሞ ሾርት ደጃፋችሁ ላይ ቆሟል ማለት ነው።

አብዛኞቹ ታንክ የሚበጅላቸው (ማለትም የሚፈቱና የሚገጠሙ) ቬፖች ላይ ያለው ፓሶ «510» ይባላል። ስሙ የመጣው ጆይቴክ የተባለው የቻይና ኩባንያ ካወጣው የአንድ ሞዴል ቁጥር ነው። በዚያን ዘመን 808 የሚባልም ነበር፣ 901 የሚባልም ነበር፤ የአንዱ ታንክ ለሌላው ባትሪ አይገጥምም። ከጊዜ በኋላ ሞዴሉ ከገበያ ጠፋ፣ ፓሶው ግን ቀረ። የመላው ገበያ መግባቢያ ቋንቋ ሆነ። ዛሬ የአንዱን ኩባንያ ታንክ የሌላው ኩባንያ ባትሪ ላይ የምትገጥሙት በዚህች ክር ምክንያት ነው። የስልክ ቻርጀር ስንት ዓመት እንዳንከራተተን የምናስታውስ ሰዎች ይህን ጉዳይ ልናደንቀው ይገባል።

ፓሶው ስፋቱ 7 ሚሊሜትር ነው። ከአንዱ ጥርስ እስከ ቀጣዩ ጥርስ ያለው ርቀት ደግሞ 0.5 ሚሊሜትር። ለማነጻጸር፣ ተራ ባለ 7 ሚሊ ብሎን ላይ ይህ ርቀት 1 ሚሊሜትር ነው። ስለዚህ የቬፑ ጥርስ በጣም ቀጭንና ጥልቀት የሌለው ነው። የመኪና ጎማ ብሎን በምናጠብቅበት ክንድ የሚነካ ነገር አይደለም።

የ«ጠበቅ» በሽታ

መቼም የእኛ ሰው ማጥበቅ ይወዳል። ቧንቧ ሲያንጠባጥብ ጠበቅ፤ ውስጥ ያለችው ጎማ ተቆርጣ እስክትወድቅ። የጀሪካን ክዳን ጠበቅ፤ የሚከፍተው ጎረቤት እስኪጠራ። በእኛ ቤት የጠበቀ ነገር ሁሉ «አስተማማኝ» ነው። ይህ እምነት ቬፕ ላይ ሲደርስ ግን ዋጋ ያስከፍላል።

ታንኩን ስታጠብቁት ከታች ያለችው የታንኩ ፒን የባትሪውን ፒን ትነካታለች። ነካች ማለት በቃ፣ ሥራው አልቋል። ከዚያ በኋላ የምትጨምሩት ኃይል ሁሉ የባትሪውን ፒን ወደ ታች መግፋትና ከሥሯ ያለውን ቀለበት መጨፍለቅ ነው። ታንኩን ስትፈቱት ፒኗ ወደ ቦታዋ አትመለስም። በሚቀጥለው ጊዜ ስትገጥሙት አይነካካም፤ እንዲነካካ ከትናንቱ የበለጠ ማጥበቅ ያስፈልጋል። ትናንት የተበደራችሁትን ዛሬ በወለድ ትከፍላላችሁ ማለት ነው፤ አራጣ! ለዚህ ነው ስታጠብቁት «ይሠራል» እያለ የሚያታልላችሁ።

ታዲያ ምን ያህል ነው ማጥበቅ? ሁለት ጣት፤ አውራ ጣትና ጠቋሚ። ታንኩ ቁጭ ካለ በኋላ አትግፉት። በጣታችሁ የማይፈታ ታንክ ካለ በጣታችሁ ሳይሆን በመዳፋችሁ ነው የገጠማችሁት። (ፒንሳ ይዛችሁ የምትመጡትን እናውቃችኋለን። ፒንሳውን አስቀምጡት። ታንኩን በላስቲክ ጓንት ወይም በወፍራም የጎማ ላስቲክ ጠቅልሎ ማዞር ይበቃል፤ መስታወቱን ሳይሆን የታችኛውን ብረት ያዙ።)

ፒኗ ከጠለቀች ደግሞ እንዲህ ነው። መጀመሪያ ዕቃውን አጥፉት፤ ብዙዎቹ ማብሪያውን በፍጥነት 5 ጊዜ ሲጫኑት ይጠፋሉ። ባትሪው የሚወጣ ዓይነት ከሆነ አውጡት። ከዚያ የስልካችሁን መብራት አብርታችሁ ቀዳዳውን ተመልከቱ። አዳዲሶቹ ላይ ፒኗ ከሥሯ ስፕሪንግ አላት። በስቴኪኒ ጫፍ ጫን ስታደርጓት ወርዳ መመለስ አለባት። ካልተመለሰች የደረቀ ፈሳሽ ይዟታል፤ መድኃኒቷ አልኮል ነው፤ እሱን ቀጥለን እናወራለን። ስፕሪንግ የሌላት ከሆነች ደግሞ በስቴኪኒው ጎን ለጎን እያላችሁ ቀስ ብላችሁ ወደ ላይ አንሷት። የምታነሷት ግማሽ ሚሊ ቢሆን ነው፤ ከዚያ በላይ ከሄዳችሁ ትነቀላለች።

መርፌ አይቻልም። የወረቀት ማያያዣ ሽቦ አይቻልም። ቀጭን ካቻቢቴም አይቻልም። ባትሪው ውስጥ እያለ አንድ ብረት ፒኗንና ክሩን በአንድ ጊዜ ከነካ፣ በዚያች ቅጽበት ባትሪውን ሾርት አደረጋችሁት። አንዳንዱ ዕቃ መከላከያ አለው፣ አንዳንዱ የለውም። እንጨት ወይም ፕላስቲክ እያለ ለምን ይሞከራል?

ትንሽ ቆሻሻ፣ ትልቅ ሌባ

ቬፕ ውስጥ ያለው ፈሳሽ በአብዛኛው ፕሮፒሊን ግላይኮል፣ ግሊሰሪን፣ ማጣፈጫና ኒኮቲን ነው። ግሊሰሪን ወፍራምና የሚያጣብቅ ነገር ነው፤ ኤሌክትሪክም በደንብ አያሳልፍም። ከታንኩ ትንሽ ትንሽ እየወረደ ፓሶው ላይ ይቀመጣል፣ የኪስ ብናኝ ይሰበስባል፣ ይጠቁራል። የሚሠራውን ጉዳት በቁጥር እንየው፤ ፊዚክስ የጠላችሁ ታገሡን።

ኮይሉ (የሚግለው ሽቦ) 1 ኦም ነው እንበል፤ ባትሪው 3.7 ቮልት ይሰጣል። 3.7 አምፔር ያልፋል፣ ኮይሉ ወደ 13.7 ዋት ያገኛል። አሁን ፓሶው ላይ ያለው ቆሻሻ 0.2 ኦም ብቻ ጨመረ እንበል። የሚያልፈው ወደ 3.1 አምፔር ይወርዳል፤ ለኮይሉ የሚደርሰው ወደ 9.5 ዋት ነው። አንድ ሦስተኛው ጠፋ! ወደ 2 ዋት የሚጠጋው ደግሞ ኮይሉ ላይ መቃጠል ሲገባው ፓሶው ላይ ይቃጠላል፤ መገጣጠሚያው የሚግለው ለዚህ ነው። ሰውየው «ባትሪው ደከመ» ብሎ አዲስ ባትሪ ይገዛል። ኮይሉ 0.2 ኦም በሆነባቸው ትልልቅ ዕቃዎች ላይ ነገሩ ይብሳል፤ 0.05 ኦም የምታህል እድፍ ብቻዋን ከጠቅላላው ኃይል አንድ አምስተኛውን ትሰርቃለች። ዕቃው ኮይሉን እየለካ የሚሠራ ከሆነም ልኬቱ ከፍ ዝቅ ይልበታል፤ ግራ ሲጋባ «አቶማይዘር የለም» ብሎ ያርፈዋል።

ማጽዳቱ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ባትሪውን አውጡ (ካልወጣ አጥፉት)። የጆሮ ጥጥ አልኮል አስነክታችሁ ጨምቁት፤ የሚንጠባጠብ ከሆነ ፈሳሹ ወደ ውስጥ ወርዶ ሰርኪዩቱን ያገኘዋል። ክሩን እየዞራችሁ ጥረጉ፣ ፒኗን ጥረጉ፣ በመካከል ያለውን ቀለበት ጥረጉ። የታንኩንም የታች ክር እንዲሁ። የባትሪውን ጎን ስታጸዱ ቀዳዳው ወደ ታች ይዙር። በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ጊዜ የገዛነው ባለ 70 በመቶ አልኮል ይሠራል፤ ውሃ ስላለበት ግን እስኪደርቅ ጠብቁ። 90 በመቶና ከዚያ በላይ ከተገኘ የተሻለ ነው። ሳይደርቅ ማብራት የለም፤ አልኮል እሳት ነው። ይህንን በሳምንት አንዴ፣ ወይም ታንኩን ለማጠብ በፈታችሁት ቁጥር ብታደርጉት ከላይ ያወራነው የአራጣ ታሪክ አይጀመርም።

የማይደረግ ነገርም አለ። ፓሶውን በብርጭቆ ወረቀት መፈተግ ቅቡን ይልጠዋል፣ የብረት ዱቄቱም እዚያው ይቀራል። ግራሶ፣ የሞተር ዘይት፣ ቫዝሊን፣ «ብሎን ማላቀቂያ» ተብሎ በጣሳ የሚሸጠው ርጭት፣ እነዚህ ሁሉ ጋራዥ ውስጥ ደግ ናቸው። እዚህ ግን አየሩ ወደ ሳንባ የሚገባ ዕቃ ነው የያዛችሁት። በንጹሕ ፓሶ ላይ ቅባት አያስፈልግም።

አውሮፕላን ውስጥ ለምን ያለቅሳል?

ይህን የምናነሳው አገር እየቀያየረ የሚኖረው ወገናችን ሁልጊዜ ስለሚጠይቀን ነው። ከዋሽንግተን ተነስቶ ዴንቨር ዘመድ ጥየቃ የሄደ ሰው ሻንጣውን ሲከፍት ቬፑ በፈሳሽ ታጥቦ ያገኘዋል፤ ፓሶው ሙሉ በሙሉ ጠልቋል። ተበላሸ ማለት አይደለም። ታንኩ ውስጥ ከፈሳሹ በላይ የታሰረ አየር አለ። በበረራ ላይ የአውሮፕላኑ ውስጥ ግፊት እስከ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ያለውን ያህል ሊወርድ ይችላል። ከባሕር ጠለል ላይ የታሰረው አየር እዚያ ሲደርስ በሲሶ ያህል ያብጣል። መውጫ ሲያጣ ፈሳሹን በኮይሉ በኩል ገፍቶ ወደ ታች፣ ወደ ፓሶው ይልከዋል። ዴንቨር ራሷ ወደ 1,600 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነች ከወረዳችሁም በኋላ ያልቅሳል። (አዲስ አበባ 2,300 ሜትር አልፋ የተቀመጠች ከተማ ናት፤ እኛ የምንኖረው አውሮፕላኑ ውስጥ ነው ማለት ይቻላል!)

መፍትሔው ቀላል ነው። ከጉዞ በፊት ታንኩን ባዶ አድርጉት ወይም እስከ አፉ ሙሉት፤ ግማሽ ከመሙላት የከፋ ነገር የለም። ፈታችሁ ለየብቻ በላስቲክ ከረጢት ያዙት። ፓሶውን አድርቃችሁ ግጠሙት። ዕቃውም ትርፍ ባትሪውም በእጅ ሻንጣ እንጂ በሚጫነው ሻንጣ አይገባም፤ ከ2015 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የዓለም የበረራ ሕግ ነው። ትርፍ ባትሪን ከሳንቲምና ከቁልፍ ጋር ኪስ ውስጥ የሚከት ሰው ካለ ደግሞ ምክር ሳይሆን ጸሎት ነው የሚያስፈልገው።

ሲጣመምና ሲነክስ

ጥርሱ ቀጭን ስለሆነ ታንኩን አጣሞ ማስገባት ቀላል ነው። የመጀመሪያው ዙር ላይ ከከበዳችሁ አቁሙ! ትክክለኛ ፓሶ እስከ መጨረሻው አካባቢ ድረስ እንደ ቅቤ ነው የሚሄደው። መካኒኮች የሚያውቋት አንዲት ዘዴ አለች። ታንኩን ቀጥ አድርጋችሁ አስቀምጡና መጀመሪያ ወደ መፍቻው አቅጣጫ፣ ወደ ግራ አዙሩት። ጥርስ ከጥርስ ላይ ሲወርድ «ጠብ» የምትል ነገር ጣታችሁ ላይ ይሰማችኋል። ከዚያ ወደ ቀኝ። በዚህች ዘዴ ብቻ ስንት ፓሶ ይተርፍ ነበር።

ሌላው አይዝጌ ብረት ከአይዝጌ ብረት ጋር ሲፋተግ የሚያመጣው ጣጣ ነው። ሁለቱ ብረቶች በግፊትና በፍትጊያ ብዛት ይነካከሳሉ፤ ያለ እሳት እንደ መበየድ ማለት ነው። አንዴ ከተነካከሱ ወይ ክሩ ተልጦ ይወጣል፣ ወይ አይወጣም። ይህም ቢሆን የማጥበቅና የቆሻሻ ልጅ ነው። ጥቂት ጥርስ ብቻ የተጎዳበትን ፓሶ ቶርኖ ቤት ያለ ሰው በትክክለኛው መሣሪያ ሊያስተካክለው ይችላል፤ ግን የታንክ ጎኑ ከሆነ የተበላው ታንኩን ቀይሩ፣ ባትሪውን አስቀሩ። የ510 ጥቅሙ እዚህ ጋ ነው።

አንድ ዓይነት ዕቃ ላይ ግን ቀልድ የለም። ሰርኪዩት የሌላቸው፣ ባትሪው በቀጥታ ከታንኩ ፒን ጋር የሚነካካባቸው የብረት ቱቦዎች አሉ። እነዚያ ላይ የታንኩ ፒን ከክሩ ወጣ ብላ ካልታየች፣ ክሩ ራሱ ባትሪውን ይነካና ሾርት ይሆናል፤ የሚያቋርጠው ነገር የለም። በፍሎሪዳ በ2018፣ በቴክሳስ በ2019 (እ.ኤ.አ.) ቬፕ ፈንድቶ ሰው ሞቷል። ፒኗ ጎልታ የማትታይ ታንክ እንዲህ ያለ ዕቃ ላይ በፍጹም አትግጠሙ። ጀማሪ ከሆናችሁ ዕቃውንም አትንኩት።

ፓሶ የሌለው ትውልድ

አሁን ወደ ቅሬታችን እንምጣ። ባለፉት ዓመታት ገበያውን ያጥለቀለቀው ፓሶ የሌለው ቬፕ ነው። አይፈታም፣ አይሞላም፣ አይጸዳም። አልቆ ሲጠፋ ከነሊቲየም ባትሪው ይጣላል። እንግሊዝ አገር ማቴሪያል ፎከስ የተባለው ድርጅት በ2023 ባወጣው ግምት በሳምንት ወደ 5 ሚሊዮን የሚጠጉ እንዲህ ያሉ ዕቃዎች ይጣሉ ነበር። በሳምንት! ቤልጂየም ከጥር 2025፣ ፈረንሳይ ከየካቲት 2025፣ እንግሊዝ ደግሞ ከሰኔ 1 ቀን 2025 (ሁሉም እ.ኤ.አ.) ጀምሮ መሸጣቸውን ከልክለዋል። እሰየው ብለናል።

ግን እገዳው ብቻውን ልማዱን አይቀይረውም። ደንበኛውን «ሲበላሽ ጣል» ብለው አሳድገውታል፤ የሚፈታ ዕቃ በእጁ ሲገባም የሚያደርገው ያንኑ ነው። ከእኛ መሀል አንዱ ውጭ አገር ያለ አንድ ሱቅ ውስጥ «አይሠራም» ብሎ ዕቃውን ሲያሳይ ሻጩ ፓሶውን እንኳ ሳያይ አዲስ ሣጥን አወጣለት። እቤቱ ወስዶ በጥጥ ጠረገው፣ ሠራ። ሻጩ ክፉ ሰው ሆኖ አይመስለንም። ጥጥ የሚያስገኝለት ኮሚሽን ስለሌለ ነው።

እዚህ ላይ «ተውት ይበላሽ! ሲበላሽበት ይተወዋል» የሚሉን ወዳጆች አሉ። መልካም አሳቢዎች ናቸው፤ ነገር ግን አጫሽ አያውቁም። የዕቃው ሞት ሱሱን አይገድለውም። ሌሊት 4 ሰዓት ላይ ቬፑ እምቢ ያለው ሰው ጥግ ላይ ወዳለው ሱቅ ሄዶ ሲጋራውን ነው የሚገዛው። እንግሊዝ አገር ውስጥ 886 አጫሾች ላይ ተደርጎ በ2019 (እ.ኤ.አ.) የታተመ ጥናት አለ። ከዓመት በኋላ ሲታይ፣ የሚሞላ ቬፕ ከተሰጣቸው 18 በመቶው፣ የኒኮቲን ማስቲካና ፕላስተር የመሳሰሉት ከተሰጣቸው ደግሞ 9.9 በመቶው ሲጋራ ትተው ተገኝተዋል። «የሚሞላ» የምትለዋን ቃል ልብ በሉልን፤ ተፈቶ የሚጸዳ ዕቃ ማለት ነው። የጥናቱን ሌላኛውን ፊት አንደብቅም። በቬፕ ሲጋራ ከተዉት መካከል 80 በመቶው ከዓመት በኋላም ቬፑን እንደያዙ ነበሩ። ስለዚህ ይህ ዕቃ ለብዙ ሰው የአንድ ወር እንግዳ አይደለም፤ ለዓመት አብሮ የሚኖር ዕቃ ነው። አብሮ የሚኖር ዕቃ ደግሞ እንክብካቤ ይፈልጋል።

ስለ 510 ብዙ አመሰገንን። ያው ፓሶ ግን ሁሉንም ስለሚገጥም መጥፎውንም ይገጥማል፤ የሚገባበትን ነገር ማን ሠራህ ብሎ አይጠይቅም። አሜሪካ ውስጥ በ2019 በተነሳው የሳንባ ጉዳት ወረርሽኝ እስከ የካቲት 2020 (እ.ኤ.አ.) ድረስ 2,807 ሰው ሆስፒታል ገብቶ ወይም ሞቶ ተመዝግቧል፤ የሞቱት 68 ነበሩ። የአገሪቱ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል ጉዳዩን በጥብቅ ያያያዘው ቫይታሚን ኢ አሲቴት ከተባለ ቅባት ጋር ነው። ቅባቱ የተገኘው በተለይ ከመንገድ ላይ በሚገዙ የካናቢስ ካርትሪጆች ውስጥ ነበር፤ እንዲህ ያሉ ካርትሪጆች ደግሞ በብዛት የሚሠሩት በዚሁ በ510 ፓሶ ነው። ሰው ያበደረን፣ ጓደኛ የሰጠን፣ መለያ የሌለው ካርትሪጅ «ገጠመልኝ» ብሎ መሳብ ያኔም ሞኝነት ነበር፣ ዛሬም ነው።

ይህን ሁሉ ሞክራችሁ፣ አጽድታችሁ፣ ፒኗን አንስታችሁ፣ ሌላ ታንክም ገጥማችሁ አሁንም እምቢ ካለ፣ አንድ የመጨረሻ ነገር ተመልከቱ። ታንኩን ስታዞሩት የባትሪው ፓሶ ራሱ አብሮ ይዞራል? የሚዞር ከሆነ ከሥሩ የተበየደው ሽቦ ተጠማዞ ሊበጠስ፣ ወይም ሌላ ብረት ሊነካ ይችላል። ይህ የጥጥና የስቴኪኒ ሥራ አይደለም፤ ሲያበራ ሲጠፋ እያላችሁ አትሞክሩት። ኤሌክትሮኒክስ የሚያውቅ ሰው ይክፈተው፤ ካልሆነ ባትሪው ወደ ባትሪ መሰብሰቢያ ይሂድ። ከቤት ቆሻሻ ጋር ከጣላችሁት ቆሻሻ የሚጭነው መኪና ውስጥ ተጨፍልቆ እሳት ያስነሳል፤ እዚያ ላይ የሚሠራው ሰው ምን በደላችሁ?

ወደ ሱቅ ከሄዳችሁም አዲሱ ሣጥን ከመከፈቱ በፊት አሮጌውን ባንኮኒው ላይ አስቀምጡና «መጀመሪያ ፓሶውን እየልኝ» በሉት።